ጠፍጣፋው አሉሚኒየም፦ ከደብረ ብርሃን እስከ መቱና ቡሬ

ከመቱ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሬ ሴቶች የሚጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው፤ መንገዱ እንዴት ነበር፣ የድስትሽ ክዳን መያዣውስ የት ገባ። አንዱን ሳልነግር ሌላውን መንገር ስላልቻልኩ ሁሉንም በተራ ጽፌዋለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ያየሁትን ለመጻፍ በቂ ነው፤ ያላዩትን የሚጽፉ የተማሩ ሰዎች ሞልተዋል።

የልጄ ልጅ ሕይወት መቱ ከተማ ሁለተኛ ዲግሪዋን በኬሚስትሪ ትማራለች። አንድ ቀን ደወለችና «እማማ፣ ፈታኙ አላመኑኝም» አለችኝ። ልጅ ያለ ማስረጃ ሲጠረጠር እኔ ቁጭ ብዬ አላይም። ነገሩን ከሥሩ አስረጂኝ አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የአሉሚኒየም አቶም አለ፤ አራት ናይትሮጅኖች ይዘውታል። አራት ጎረቤት ያለው አሉሚኒየም፣ በየመጽሐፉ እንደተጻፈው፣ ጎረቤቶቹን በአራት ጥግ ይበትናቸዋል፤ ሦስቱ እንደ ጉልቻ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ላይ። የሕይወት አሉሚኒየም ግን ከአራቱም ጋር እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ሆኖ ተኝቷል። ያስተኛው ደግሞ አራቱን ናይትሮጅኖች የሚያያይዝ ቀለበት ነው። በቀለበቱ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች የማንም የግል አይደሉም፤ ሁሉም ዘንድ ይዞራሉ። እንዲህ ያለውን ቀለበት አሮማቲክ ይሉታል።

«ይሸታል እንዴ?» አልኳት።

«ስሙ ድሮ ከሽታ ነው የመጣው። ይሄኛው አይሸትም።»

ሽታው ሄዶ ስሙ ሲቀር በሰውም አይቻለሁ፤ አልፌው ሄድኩ።

ይህን ሁሉ ያገኘችው በኮምፒዩተር አስልታ ነው። ከሌላ ከተማ የሚመጡት ፈታኝ ግን ጽሑፉን አስቀድመው አንብበው «አሉሚኒየሙ የተኛው ኮምፒዩተሩ ተሳስቶ ነው» ብለው ዳር ላይ ጽፈዋል። ዓርብ ሰው ፊት ቆማ ካላሳመነቻቸው ሥራውን ከመጀመሪያው ትጀምራለች፤ አንድ ዓመት ማለት ነው። መብራት ደግሞ አይታመንም፤ ግድግዳ ላይ የምታሳየው ሥዕል ቢጠፋ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው የሚታይ ትልቅ ሞዴል በእጇ ያስፈልጋታል።

ሥዕሉን በስልክ ላከችልኝ። ጎረቤቴ በያጁ አራት ክንድ ከወፍራም የአሉሚኒየም ሽቦ ሠራ፤ ጫፋቸው ላይ ሰማያዊ የእንጨት ዶቃ ሰካ፤ ዶቃዎቹን በመዳብ ሽቦ ቀለበት አያያዛቸው። መሐሉ ላይ የሚሆን ጠፋ። ስሙ አሉሚኒየም ከሆነ እውነተኛ አሉሚኒየም ይሁን ብዬ የድስቴን ክዳን መያዣ ፈትቼ ሰጠሁት። በነጠላ ጠቅልዬ ተነሣሁ።

እሁድና ሰኞ

እሁድን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አደርኩ፤ ስለ አዲስ አበባ የሚነገረው ሁሉ ተነግሯል። ሰኞ ንጋት ላይ የጅማ አውቶቡስ ያዝኩ።

ጥቅሉ አልታጠፍ ስላለ ጭኔ ላይ አቆምኩት። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ከሰበታ እስከ ወሊሶ ሲያየው ቆይቶ ሳይጠይቅ ማለፍ አልቻለም።

«እናቴ፣ የዲሽ ዕቃ ነው?»

«የኬሚስትሪ ነው።»

ትንሽ አሰበ። «እና ስንት ቻናል ይይዛል?»

መስኮት ላይ ጠብ ተነሣ። ግማሹ ሰው ንፋስ ይመታኛል ይላል፣ ግማሹ ያስመልሰኛል ይላል፣ ረዳቱ ጮክ ያለውን ይሰማል። ይህ ፍርድ አይደለም ብዬ ተነሣሁ። እስከ ጊቤ ድረስ ይከፈት፣ ከጊቤ ወዲያ ይዘጋ፤ እኩል በእኩል አልኩ። ሁሉም ተስማማ። ጊቤ በረሃ ውስጥ መሆኑን የነገረኝ ግን አልነበረም። ያንን ሙቀት በተከፈተ መስኮት ወረድነው፤ በተዘጋ መስኮት ወጣነው። አንዲት ሴት «መስኮቱን ማን ነው ያዘጋው?» ስትል እኔ ወደ ውጭ እያየሁ ነበር። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ሙቀት መፍረድ የለበትም።

ጅማ ያደርኩበት ቤት አልጋው ንጹሕ ነው። በብርድ ልብስ አገር የኖርኩ ስለሆንኩ አንዱን ብርድ ልብስ አንሥቼ ስፌቱን አየሁ። የኛ ይሻላል።

ማክሰኞ

ከጅማ ወዲያ ያለውን አገር ለኛ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እኛ ጋ ዛፍ ያለው ሰው የተከለው ቦታ ነው፤ እዚያ ዛፍ የሌለው ሰው የመነጠረው ቦታ ነው። ቡናው ራሱ ከዛፍ ጥላ ሥር ተደብቆ ይበቅላል። በደሌን ስናልፍ ዝናብ ጀመረ። የኛ ዝናብ አስጠንቅቆ ነው የሚመጣው፤ ያኛው ከሰው ጋር የሚኖር ይመስላል።

አንድ ጉድጓድ ላይ አውቶቡሱ ሲዘል አንዱ ሰማያዊ ዶቃ ወልቆ ወንበር ሥር ገባ። «ናይትሮጅኔ!» ብዬ ጮህኩ። መድኃኒት የጠፋብኝ መስሏቸው መንገደኛው ሁሉ ተንበርክኮ ፈለገ። ያገኘችው ያቺ በጊቤ ሙቀት የተማረረችው ሴት ናት፤ እሷም እንደኔ ጅማ አድራ መንገዷን ቀጥላ ነበር። በሁለት እጇ አክብራ ሰጠችኝ። መስኮቱን ያዘጋሁት እኔ ነኝ ብዬ የነገርኳት ያን ጊዜ ነው። «አውቄያለሁ» አለችኝ።

መቱ ላይ ሕይወት ከባለቤቷ ጋር ቆማ ጠበቀችኝ። የተከራየችው ቤት ባለቤት ማለቴ ነው፤ አዴ ጫልቱ የምትባል፣ ከኔ ጥቂት የምታንስ ሴት። አዴ ማለት እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። «ኮታ፣ ይግቡ፣ ይግቡ» እያለች ጫማዬን ራሷ ልታወልቅ ጎንበስ አለች። ጭቃውን ሳይ እኔም ብዙ አልተከራከርኩም።

ረቡዕ

አዴ ጫልቱ ጴንጤ ናት፤ ረቡዕ አትጾምም። ጠዋት ብድግ ስል ግን ወጥ ቤቷ ውስጥ ለብቻው የተቀመጠ ድስት አየሁ። የእሷ ዕቃ ቅቤ የነካው ስለሆነ ለኔ ለብቻዬ ከጎረቤት ኦርቶዶክስ ቤት ተውሳ ያመጣችው ነው። በዘይት የተሠራ አንጮቴ አበላችኝ። አንጮቴ እንደ ድንች ከመሬት የሚወጣ ሥር ነው፤ ከድንች የሚለየው ኩራት ያለው መሆኑ ነው፤ ቶሎ አይበስልም። እሷ እኔ ቤት እንግዳ ብትሆን እንዲህ እጨነቅላት ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። መልሱን እዚህ አልጽፍም።

ሕይወት ፊቷ ከስቷል። ሞዴሉን ስታይ ግን ሳቀች፤ መያዣውን አወቀችው። እኔ ግን ሌሊቱን ያሰብኩትን ጥያቄ ይዤ ጠበቅኳት።

«አሉሚኒየሙ ለቀለበቱ ስንት ኤሌክትሮን ሰጠ?»

«ያለውን ሦስቱንም ማለት ይቻላል።»

«ስንት ተመለሰለት?»

«ትንሽ። በጣም ትንሽ።»

«ታዲያ ይሄ ነው እኩል መካፈል የምትዪው? ሁሉን ሰጥቶ መሐል ላይ ባዶውን ተቀምጦ!»

«እማማ፣ ባዶነቱ ነው እኮ ጥቅሙ።» መያዣውን ከላይና ከታች በጣቷ ነካች። «ጠፍጣፋ ስለሆነ ከላይም ከታችም ቦታው ክፍት ነው። ሌላ ሞለኪውል እንግዳ ሆኖ ሲመጣ እዚህ ያርፋል። አራቱ ተበትነው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ክፍት በር አይኖርም ነበር።»

አልተዋጠልኝም። ለእንግዳ ክፍት መሆንና መዘረፍ አንድ አይደሉም።

ዶቃው የወለቀበት ክንድ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ይህን ጊዜ አዴ ጫልቱ «ቡሬ ያለው ወንድሜ ኦላና ጡረታ የወጣ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ያጠብቅላችኋል» አለች። ሕይወት ለንባቧ ጸጥታ ፈልጋ ነበር መሰለኝ፣ ከሁላችንም ፈጥና «ሂጂ እማማ፣ ነገ ሂጂ» አለች። ሞዴሉን ከኔ ጋር ላከችው።

ሐሙስ

በሚኒባስ በጎሬ አድርጌ ቡሬ ገባሁ። ሶር ፏፏቴን አየሽ ወይ ለምትሉኝ፣ አላየሁም፤ ውሃ ከላይ ሲወርድ ያንን ሳምንት በቂ አይቻለሁ። ጎሬ ከፍ ያለች ስለሆነች ትንሽ በረደኝ፤ እንደ አገሬ ሰው ሰላም አልኳት።

ጋሽ ኦላና ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ዛሬም ጠመኔ አለ። እሱና ባለቤቱ የተቀቀለ ጎደሬና ማር አቀረቡልኝ። ማሩን አስቀምጦ ሞዴሉን ከነጠላው ሲያወጣ ፊቱ ጠቆረ።

«እትዬ፣ ይህን የሠራው ማን ነው?»

«በያጅ ነው።»

«ይታወቃል። አሉሚኒየም በአራት እንዲህ አይቀመጥም። ልጂቱን ሊያዋርዷት ነው።»

«እሷ ናት ጠፍጣፋ ነው ያለችው።»

«ልጅ ወረቀት ላይ ስትሥል ሁሉም ጠፍጣፋ ነው። ወረቀት ጠፍጣፋ ስለሆነ!»

እኔ ግን ዝም ብዬ የምቀበል ሴት አይደለሁም፤ አሳየኝ አልኩት። አንድ ጎደሬ አነሣና አራት ስንጥር ሰካበት፤ ሦስት እግር፣ አንድ ቀንድ። ከዚያ ክር ሰጠኝ። «በመጀመሪያ የእርስዎን ይለኩ» አለኝ። የሞዴሉን ዶቃዎች እርስ በርሳቸው ለካሁ፤ ጎን ለጎን ያሉት ይቀራረባሉ፣ ፊት ለፊት ያሉት ይራራቃሉ። ከዚያ ጎደሬውን ለካሁ። ከአንዱ ስንጥር ወደ ሌላው፣ በየትኛውም በኩል ብሄድ፣ ክሩ ያው ነው። ስድስት ጊዜ ለካሁ፤ ስድስቱም እኩል!

«ዹጋዳ» አለ ጋሽ ኦላና፤ እውነት ነው ማለቱ ነው። «ተፈጥሮ አታዳላም፣ እትዬ።»

ምን ልበላችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እኩል እንዲቀመጥ፣ እኩል እንዲደርሰው ስጨቃጨቅ ኖሬ፣ እኩልነት እንዲህ በክር ተለክቶ በጎደሬ ላይ ሲቆም የመጀመሪያዬ ነው። ጠፍጣፋው አድልዎ ሆኖ ታየኝ። «አስተካክለው» አልኩት። ራሴ ነኝ ያልኩት፤ ማንም አላስገደደኝም።

ክንዶቹ ግን አልታጠፍ አሉ። ያንዱን ጫፍ ወደ ላይ ሲስበው ቀለበቱ ሌሎቹን ይጎትታል፤ ሲለቀው ተመልሶ ይተኛል። ጋሽ ኦላና ላበው። በመጨረሻ ፒንሳ አመጣ፤ እኔ ቀለበቱን ወጥሬ ያዝኩለት፣ እሱ አራት ቦታ ቆረጠው። ከዚያ በኋላ ክንዶቹ እንደፈለገው ሆኑ፤ ዶቃውንም አጠበቀው። የተቆረጠውን መዳብ «የሰው ዕቃ ነው» ብሎ ቆጥሮ መለሰልኝ፤ መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኩት። ለሕይወት ግን አልደወልኩላትም፤ ድንገተኛ ስጦታ ይሁናት አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በረታ፤ ሚኒባሱም አልሞላም ብሎ ቀረ። እዚያው አደርኩ። ባለቤቱ የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ። እኩልነት ባለበት ቤት የሚያድር ሰው ጥሩ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ዓርብ

በመጀመሪያው መኪና ተነሥቼ ከመናኸሪያ በባጃጅ አዳራሹ ስደርስ ሕይወት መናገር ጀምራለች። ከፊት ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል፤ መሐለኛው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉት፣ እሳቸው ናቸው፤ ፈታኙ። ጥቅሉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩና ከኋላ አዴ ጫልቱ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሥዕሎቿን በግድግዳው ላይ እያሳየች ግማሽ ስትደርስ መብራት ጠፋ። ማንም አልደነገጠም። ፈታኙ በመስኮቱ ብርሃን ወደሷ ጎንበስ ብለው «ሕይወት፣ ዋናው ጥያቄዬ አንድ ነው። አሉሚኒየም ነፃ ምርጫ እያለው ለምን ይተኛል? ለምን አይታጠፍም?» አሏት።

«ላሳይዎት፣ ዶክተር» አለችና ነጠላውን ገለጠችው።

ሦስት እግርና አንድ ቀንድ ቆሞ ወጣ።

የልጄን ልጅ ፊት ያኔ ያየሁትን ሁለተኛ ማየት አልፈልግም። ፈታኙ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «እንግዲህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የራስሽ ሞዴል ለኔ መሰከረ።» አዳራሹ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግን ሳቅ ነው።

ተነሣሁ። አዴ ጫልቱ ቀሚሴን ብትጎትትም ተነሣሁ። «ይቅርታ አባቴ፣ ምስክሩ ሐሰተኛ ነው» አልኩ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«የድስቱ ባለቤት።»

እንደገና ተሳቀ። ሕይወት «አያቴ ናት» አለች፤ ድምፅዋ ወጥቶ አልተሰማም።

«ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የተሠራው» አልኩ። «ያጠፍነው እኔና አንድ አዋቂ ሰው ነን፣ ትናንት፣ ቡሬ። እሷ አታውቅም። ለኔ ጥፋት እሷ መቀጣት የለባትም።»

«ለምን አጠፋችሁት?»

«እኩል እንዲሆን። በክር ለክቼ።»

ፈታኙ አሁን ፈገግ አሉ። የሚቀልዱ መስለው «በቀላሉ ታጠፈ?» ብለው ጠየቁኝ።

«የት! ቀለበቱ አልለቅም ብሎ አላበን። በፒንሳ አራት ቦታ ቆርጠነው ነው እሺ ያለው።»

ምን እንዳልኩ አላወቅኩም ነበር፤ ሕይወት ግን ቀና አለች።

«እማማ፣ ቀለበቱ የት አለ?»

ሰው ፊት መቀነቴን ፈትቼ አራቱን የመዳብ ቁራጮች ሰጠኋት። በመዳፏ ይዛ ወደ ፈታኙ ዞረች። ድምፅዋ ተመልሷል።

«ዶክተር፣ ለምን አይታጠፍም ብለውኛል። ለመታጠፍ ይህን መክፈል ስላለበት ነው። አራቱ ናይትሮጅኖች ነፃ ቢሆኑ አሉሚኒየም ይበትናቸው ነበር፤ እርስዎ ልክ ነዎት። እዚህ ግን በአንድ ቀለበት ተያይዘዋል። ክንዶቹ ከተጣመሙ ቀለበቱም ይጣመማል፤ ኤሌክትሮኖቹ መዞሪያቸውን ያጣሉ።»

«ይህ ሽቦ ነው፣ ሕይወት። አቶም ሽቦ አይደለም።»

«አዎ፣ ሽቦው ማስረጃ አይደለም። የታጠፈውን ቅርጽም አስልቼዋለሁ። ጉልበቱ ከፍ ይላል፣ ማግኔት ውስጥ እንዳለ አድርገን ስናሰላውም በቀለበቱ የሚዞረው የኤሌክትሮን ፍሰት ይዳከማል። ሠንጠረዡ አባሪው ውስጥ ነው፣ መጨረሻ ላይ።»

ወረቀት ሲገለበጥ ይሰማ ነበር። ፈታኙ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል ብለው ረጅም ጊዜ አነበቡ።

«ይህን ለምን መጨረሻ ደበቅሽው?»

«ቀለበቱ ሙሉ በሙሉ እኩል እንደማይካፈል ስለሚያሳይ ነው። አሉሚኒየሙ ያለበት በኩል ይቀንሳል። አሮማቲክ ነው፣ ግን በከፊል። ደካማ ያስመስለኛል ብዬ ፈራሁ።»

«የሚያዳክምሽ እሱን መደበቅሽ ነው» አሏት።

ውጭ አስወጡንና ተማከሩ። ዝናብ ስለነበር ሁላችንም አንድ ጠባብ በረንዳ ላይ ተጠጋግተን ቆምን፤ ሕይወት አላናገረችኝም፣ እጄን ግን አልለቀቀችም። ሲጠሩን አልፋለች አሉን። አንድ ቅጣት አላት፤ ያንን ሠንጠረዥ ከመጨረሻ አውጥታ ፊት ታስቀምጣለች። ትክክለኛ ፍርድ ነው። እኔም ብሆን ይህንኑ እፈርድ ነበር፤ ለሕይወትም ነግሬያታለሁ፣ ባትጠይቀኝም።

ቅዳሜና መመለሻ

ጠዋት ጋሽ ኦላና ማር ተሸክሞ ከቡሬ መጣ። እህቱ ደውላ ነግራው ኖሯል። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አራት ጥግ ብዬ አስተማርኩ» አላት ለሕይወት።

«ትክክል ነዎት፣ ጋሼ። ላልታሰሩት ትክክል ነዎት።»

«ለእነማን አልሽ?»

«ቀለበት ለሌላቸው።»

ይህን ሲሰማ ገባ። ሞዴሉን መልሶ ሊያስተኛው ፈለገ፤ ሕይወት ግን ከለከለችው። የማን ይሁን የሚል ነገር መጣ። አሳቡ የሕይወት፣ መያዣው የኔ፣ ማጠፉ የሱ ነው፤ እንደ ልማዴ ላከፋፍለው ስል ራሴን አየሁና ተውኩት። እንደታጠፈ ጋሽ ኦላና ይውሰደው አልኩ፤ የተቆረጠውን ቀለበትም አብሮ ያንጠልጥልበት፤ የጠየቀውን ሁሉ ሁለቱንም ያሳየው። ሲሄድ እንደ ሕፃን አቅፎት ነበር። ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ሹፌሩ የዲሽ ነው ወይ ሲለው ሰማሁ።

በመመለሻው አውቶቡስ መስኮት ላይ እንደገና ተጣሉ። እኔ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ ጊቤ ላይ ሁሉም ራሳቸው ከፈቱት።

እና የድስቴ ክዳን። መያዣው የነበረበት ላይ ቀዳዳ ቀርቷል፤ በጨርቅ ነው የማነሣው። ልጆቼ ሌላ መያዣ እናስበይድልሽ ይላሉ። ተዉት እላቸዋለሁ። ድሮ ሽሮ በጣድኩ ቁጥር ገንፍሎ ምድጃዬን ያበላሸው ነበር። አሁን እንፋሎቱ በዚያች ባዶ ቦታ ይወጣል፤ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቀንም አልገነፈለብኝም።